ከመስመሩ በፊት ቦታው

መልቲሜትሩ 4.0 ቮልት ይላል። ሬጉሌተሩ ላይ 4.0፣ ሞጁሉ እግር ላይም 4.0። መሣሪያው ግን መልእክት ላክ በተባለ ቁጥር ይጠፋና እንደገና ይነሣል። ወጣቷ መሐንዲስ ሲም ካርዱን ቀይራለች፤ አንቴናውን ቀይራለች፤ ሞጁሉን ራሱን ነቅላ ሌላ በይዳለች። ያው ነው።

የሠራችው ሳጥን መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ለባለቤቱ በስልክ መልእክት የሚልክ ነው። መድኃኒት ወይም ሥጋ በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ይህን ለምን እንደሚፈልግ ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ውስጡ የተወሳሰበ አይደለም። ከ12 ቮልት ባትሪ 4 ቮልት የሚያወጣ ኤልኤም2596 የተባለ ሬጉሌተር አለ፤ ሥራውን የሚመራ አትሜጋ328 የተባለ ማይክሮኮንትሮለር አለ፤ ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኝ ሲም800ኤል የተባለ ሞጁል አለ፤ 220 ቮልቱ መኖር አለመኖሩን የሚያይ ኦፕቶካፕለር አለ። ቀሪው ሬዚስተር፣ ካፓሲተር፣ ዳዮድና ኮይል ነው።

ችግሩን ያገኙት ጋሼ ናቸው። እሷ እንዲህ የምትጠራቸው የሥራ ባልደረባዋ ዕድሜያቸውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። መልቲሜትሩን ገፋ አድርገው ኦሲሎስኮፑን አስጠጉ። ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት የቮልቴጅ መስመር በእኩል ርቀት እየተቦረቦረ ይወርዳል፤ ይመለሳል፤ ይወርዳል።

"ይህንንማ በጆሮሽ ታውቂዋለሽ" አሏት። "ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከሩ ላይ የሚመጣው ድርርር ነው።"

ልክ ናቸው። የሁለተኛው ትውልድ ጂኤስኤም ስልክ ያለማቋረጥ አያስተላልፍም። 4.6 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጀው አንድ ፍሬም ለ8 ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ስልክ በተራው 577 ማይክሮ ሰከንድ ተናግሮ ዝም ይላል። ይህ በሰከንድ 217 ጊዜ ይደጋገማል፤ ጆሮ የሚሰማው ድርርርም ይኸው ነው። ሞጁሉ በዚያች ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። መልቲሜትር አማካዩን ስለሚያሳይ ቅጽበቷን አያያትም።

"ፋይሉን ክፈቺው።"

ላፕቶፑ ላይ ቦርዱ ወጣ። ከሬጉሌተሩ ተነሥቶ ሞጁሉ ድረስ የሚሄደውን ቀይ የመዳብ መስመር (ትሬስ) በጣታቸው ተከተሉት። ስፋቱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሲጽፉ ቆሜ አይቻለሁ፤ ይህን ሥራ ለሚጀምር ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ ልድገመው። የተለመደው ቦርድ ላይ ያለው መዳብ ውፍረቱ 35 ማይክሮ ሜትር ነው። ከዚህ መዳብ አንድ ካሬ ብትቆርጡ፣ ካሬው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከጎን ወደ ጎን ያለው ሬዚስታንስ ግማሽ ሚሊ ኦም ገደማ ነው። ስለዚህ የማንኛውንም መስመር ሬዚስታንስ ለማወቅ ስንት ካሬ እንደተደረደረ መቁጠር ይበቃል። 50 ሚሊ ሜትር ለ0.25 ሲካፈል 200 ካሬ ነው፤ 200 ካሬ 0.1 ኦም ነው፤ በ2 አምፔር ሲባዛ 0.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የግራውንድ መመለሻውም ያንኑ ያህል ቀጭን ስለነበረ ሌላ 0.2 ሄደ። 4.0 የነበረው 3.6 ሆነ። ሲም800ኤል ደግሞ የሚሠራው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ባለው ክልል ነው። ሬጉሌተሩ ለድንገተኛው ጭነት ምላሽ እስኪሰጥ ጥቂት ከዘገየ አለቀ።

"እሺ፣ ትሬሱን አሰፋዋለሁ" አለች።

"አስፊው። እኔ የምጠይቅሽ ግን ለምን 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ?"

እሷ ለአፍታ ዝም አለች። መልሱ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ሬጉሌተሩን አንድ ጥግ፣ ሞጁሉን ሌላ ጥግ ስላስቀመጠችው ነው።

የቦርድ ዲዛይን የሚማር ሰው ሁሉ ልቡ ያለው መስመሩ ላይ ነው። መስመር መሳብ ያስደስታል። የተጠላለፈው ሲፈታ፣ ያልተገናኘው ሲገናኝ፣ የቀሩት መስመሮች ቁጥር ወደ ዜሮ ሲወርድ ከጨዋታ አይተናነስም። ልምድ ያላቸውን ብትጠይቁ ግን አብዛኛው ጊዜያቸው የሚያልፈው ዕቃውን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ፣ በማዞርና በመመልከት ነው። ዕቃው ቦታውን ካገኘ መስመሩ ራሱ ይመጣል፤ ካላገኘ ደግሞ ምንም ዓይነት ጎበዝ መስመር አያድነውም።

መሐንዲሷ የምትጠቀመው ፕሮግራም ኪካድ ይባላል። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው በብዛት የሚያውቀው ፕሮቲየስን ነው፤ ፈቃዱን መግዛት የቻለ ኩባንያ ደግሞ በ1985 በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ፕሮቴል ተብሎ የተጀመረውን፣ ዛሬ አልቲየም የሚባለውን ይይዛል። ኪካድ በነፃ የሚገኝ፣ ምንጭ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። በ1992 የጀመረው ዣን ፒየር ሻራስ የተባለ ፈረንሳዊ የግሬኖብል መምህር ነው። ለረጅም ዘመን የጥቂት አፍቃሪዎች መሣሪያ ሆኖ ቆየና በ2013 ጄኔቫ ያለው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ የራሱን ፕሮግራመሮች አሰማራበት። ሰርን የሚሠራቸውን ቦርዶች ዲዛይን ለማንም ክፍት ያደርግ ነበር፤ ሆኖም ፋይሉን ለመክፈት በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ሶፍትዌር ካስፈለገ ክፍትነቱ የስም ብቻ ይሆናል። ውሳኔው ከዚህ የመጣ ነው፤ የእኛዋ መሐንዲስ ዛሬ ያለ ክፍያ፣ ያለ ክራክ የምትሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አዲስ ፋይል ከፈተች። ስኬማቲኩ፣ ማለትም የግንኙነቱ ንድፍ፣ ትክክል ስለሆነ አልተነካም። ኤፍ8ን ስትጫን ዕቃዎቹ በሙሉ ከቦርዱ ውጭ ተከምረው ወጡ፤ ከእያንዳንዱ እግር ወደ ሌላው ክር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ተዘርግተዋል። ክሮቹ መዳብ አይደሉም፤ "ይህ እግር ከዚያ ጋር መገናኘት አለበት" የሚል ማስታወሻ ብቻ ናቸው። ጀማሪ እነሱን አጥፍቶ መሥራት ይወዳል፤ ዓይን ያደክማሉ። ጋሼ ግን አንዱንም አታጥፊ አሉ። ክሩ የሚያጥርበትና የማይጠላለፍበት ቦታ ነው የሚፈለገው።

መጀመሪያ የተቀመጠው ምርጫ የሌለው ነገር ነው። ሳጥኑ አራት የብሎን ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳዎቹ የሚውሉበት ቦታ የታወቀ ነው። የአንቴናው ሶኬት ጠርዝ ላይ መውጣት አለበት። ሲም ካርዱም ከጠርዝ የሚገባ ነው። የ220 ቮልቱ ገመድ የሚታሰርበት ደግሞ ከሁሉም ርቆ በስተግራ።

220 ላይ ጋሼ ቀልድ አያውቁም። ከፍተኛው ቮልቴጅ ባለበት መዳብና ሰው ሊነካው በሚችለው ዝቅተኛ ቮልቴጅ መካከል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ እንድትተው አደረጉ፤ ከላይም ከታችም መዳብ የሌለበት ራቁት መሬት። ድንበሩን የሚሻገረው ኦፕቶካፕለሩ ብቻ ነው፤ ሁለት እግሩ እዚያ፣ ሁለት እግሩ እዚህ። በመካከሉ መረጃው የሚያልፈው በብርሃን ስለሆነ ሽቦ የለም። እሷ የመጀመሪያው ቦርድ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ብላ አንዲት የግራውንድ መስመር በኦፕቶካፕለሩ ሥር አሳልፋ ነበር። ያቺን ሲያዩ የተናገሩትን ልተወው።

ቀጥሎ የኃይሉ መንገድ መጣ። ኤልኤም2596 ከረንቱን በሰከንድ 150,000 ጊዜ እየቆረጠ የሚሠራ ነው። የሚቆረጠው ከረንት የሚዞረው በመግቢያው ካፓሲተር፣ በቺፑና በዳዮዱ መካከል ነው፤ ይህ ቀለበት በሰፋ ቁጥር እንደ አንቴና ሞገድ ይረጫል። ስለዚህ ሦስቱ እግር ለእግር ተጠጋግተው መቀመጥ አለባቸው። ውጤቱን ለክቶ ለቺፑ የሚነግረው ቀጭን የግብረ መልስ መስመር ደግሞ ከኮይሉ መሸሽ አለበት፤ በሥሩ ካለፈ የኮይሉን ጫጫታ እንደ እውነተኛ መረጃ ይወስደዋል። እነዚህን አንድ ላይ ካሰረች በኋላ ጠቅላላውን ቡድን መርጣ ኤምን ተጫነችና ሞጁሉ ጎን አመጣችው። 5 ሳንቲ ሜትር የነበረው ርቀት ወደ 12 ሚሊ ሜትር ወረደ።

ካፓሲተሮቹ ላይ ብዙ ቆዩ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው፤ ስኬማቲኩ ላይ ካፓሲተሮቹ በሙሉ አንድ ጥግ ላይ በሰልፍ ስለሚሳሉ ቦርዱም ላይ በሰልፍ ይደረድራቸዋል። ኤሌክትሪኩ ተገናኝቷል፤ ፕሮግራሙም አይከፋም። ነገር ግን ካፓሲተር ማለት ጣሪያ ላይ እንደሚሰቀል ሮቶ ነው፤ የመንገዱ ውሃ ሲዘገይ ለቤቱ የሚደርሰው እዚያው ቤት ላይ ስለተቀመጠ ነው። ሮቶው ጎረቤት ግቢ ከሆነ ምን ይጠቅማል? እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ትሬስ በግምት 1 ናኖ ሄንሪ ኢንዳክታንስ ይጨምራል፤ ለፈጣን ለውጥ ይህ እንቅፋት ነው። የማይክሮኮንትሮለሩ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ከኃይል እግሩ አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሳይርቅ ተቀመጠ።

ሞጁሉ አጠገብ የሚቀመጠው ግን ትልቅ ነው፤ 1000 ማይክሮ ፋራድ። በየሱቁ "ሲም800 ካስቸገረህ ትልቅ ካፓሲተር ብየድበት" የሚል ምክር አለ። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። 2 አምፔር ለ577 ማይክሮ ሰከንድ ሲፈስ ወደ 1.15 ሚሊ ኩሎምብ ቻርጅ ይወስዳል። 1000 ማይክሮ ፋራድ ያንን ብቻውን ቢሸፍን ቮልቴጁ ከ1 ቮልት በላይ ይወርዳል። ካፓሲተሩ የሚገዛው ጊዜ ብቻ ነው፤ ዋናው ከረንት በመንገዱ መምጣት አለበት፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ሰው ካፓሲተር እየደራረበ ለምን እንደሚያቅተው አሁን ግልጽ ነው።

ማይክሮኮንትሮለሩ ቦታውን ካገኘ በኋላም ከሞጁሉ ጋር የሚያገናኙት ክሮች እንደ ሹሩባ ተጠላልፈው ነበር። እሷ ወዲያው መስመር ልትስብና በቪያ፣ ሁለቱን ንጣፎች በሚያገናኘው ቀዳዳ፣ ወደ ታች ልታሻግር እጇን ስትሰነዝር ጋሼ ያዟት።

"አዙሪው እስኪ።"

አርን ተጫነች። ቺፑ ሩብ ዙር ዞረ፤ ባሰበት። እንደገና ተጫነች። ክሮቹ አንድ በአንድ ተለያይተው ጎን ለጎን ተኙ። አንድም ቪያ አላስፈለገም። እኔም ይህን ባየሁበት ቅጽበት ነው ይህ ሥራ ለምን ሰው እንደሚማርክ የገባኝ።

ጋሼ ራሳቸው በዚህ መንገድ አልተማሩም። በእሳቸው ጊዜ ቦርድ መሥራት ማለት መስመሩን መዳብ በለበሰ ሰሌዳ ላይ በማይለቅ ማርከር መሣልና ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ መንከር ነበር፤ የቀለም ሽፋን የሌለውን መዳብ ፈሳሹ ይበላዋል። ኋላ በሌዘር ፕሪንተር አንጸባራቂ ወረቀት ላይ አትሞ በልብስ ካውያ ማስተላለፍ መጣ፤ ዛሬም ተማሪ ይሠራበታል። በውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ጥቁር ቴፕ በመለጠፍ፣ ከእውነተኛው መጠን 2 ወይም 4 እጥፍ አድርገው ይነድፉና በፎቶ ያሳንሱት ነበር። አንድ ቺፕ ለማዛወር ቴፑ ሁሉ ይላጣል። ስለዚህ ቴፕ ከማንሳታቸው በፊት ቦታውን ለቀናት ያስቡበት እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የመዳብ ቅጠል ላይ የታተመ ሰርኪዩት እንዲስፋፋ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ፖል አይስለር በ1907 ቪየና የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን በ1936 ወደ ለንደን ተሰደደ። ዛሬ ቦርድ ወደ ፋብሪካ የሚላክበት የፋይል ዓይነት የሚጠራበት ጆሴፍ ገርበርም የቪየና አይሁዳዊ ነው፤ በ1924 ተወልዶ በ1940 አሜሪካ ገባ። ሁለቱም ያመለጡት በአውሮፓ አይሁዳውያን ላይ ከወረደው ጥፋት ነው።

መሐንዲሷን ጠየቅኋት፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ለምን መስመሩን አይስበውም?

ይስባል። ዘዴውም አዲስ አይደለም። በ1961 የቤል ላብስ ሰው የሆነው ሲ. ዋይ. ሊ ያሳተመው ሥልት እስከ ዛሬ መሠረት ነው። ቦርዱ በትናንሽ ካሬዎች ይከፈላል። ከመነሻው ጎን ያሉ ካሬዎች 1 ይባላሉ፤ የእነሱ ጎረቤቶች 2፤ የእነዚያ 3፤ እንዲህ እየተባለ ቁጥሩ እንቅፋቱን እየዞረ መድረሻው ድረስ ይሰፋል። ከዚያ ቁጥሩን ወደ ኋላ እየቀነሱ መመለስ ነው። መንገድ ካለ በእርግጥ ያገኘዋል፤ ያገኘውም ከሁሉ አጭሩ ነው። ችግሩ ግን አንድ መስመር ብቻ ማየቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው መስመር አጭሩን መንገድ ወስዶ የአሥረኛውን በር ይዘጋል። ዘመናዊዎቹ አውቶራውተሮች የዘጋውን እያፈረሱ እንደገና ይሞክራሉ፤ ከኪካድ ጋር አብሮ የሚሠራው ፍሪራውቲንግም እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ጊዜም ሁሉንም ያገናኛል። ነገር ግን ምንም ተጨማሪ ካልተነገረው 2 አምፔር የሚሸከመውና አንዲት ትንሽ መብራት የሚያበራው መስመር ለእሱ እኩል ናቸው። እኔ አውቶራውተርን እንደ ብዙዎቹ ባለሙያዎች አልንቅም፤ ግን አስቀድሞ ብዙ ካልነገሩት የሚሠራው ያልጠየቁትን ነው።

የሰርን ፕሮግራመሮች ያመጡት ሌላ መንገድ ነው። ቶማሽ ቭዎስቶቭስኪ የጻፈው ራውተር መስመሩን ሰው እንዲስበው ይተዋል፤ በመንገዱ ላይ ያሉትን ሌሎች መስመሮች ግን ርቀታቸውን ጠብቆ ራሱ ገፋ ያደርጋቸዋል። መሐንዲሷ ኤክስን ተጫነችና ከአንድ እግር ተነሣች። ማውሱን ስታንቀሳቅስ ጎን ያሉት ሦስት መስመሮች ተጣጥፈው ቦታ ለቀቁላት፤ ወደ ኋላ ስትመለስ ተመለሱ። ውሳኔው የሰው፣ ልፋቱ የማሽኑ ነው።

ቅደም ተከተሉም ተቀየረ። የመጀመሪያው ቦርድ ላይ ቀላሉን ቀድማ ስባ፣ ኃይሉን በተረፈው ቦታ አሳልፋው ነበር። አሁን ኃይሉ ቀደመ፤ መስመር እንኳ አይደለም፣ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ሜዳ ነው። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ካሬ፤ 1.5 ሚሊ ኦም። የ0.2 ቮልቱ ኪሳራ ወደ 3 ሚሊ ቮልት ወረደ።

የታችኛው ንጣፍ በሙሉ ግራውንድ ሆነ። ለዚህ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የሄደ ከረንት መመለስ አለበት፤ ፈጣን ከሆነ ደግሞ የሚመለሰው በአጭሩ መንገድ ሳይሆን ልክ በሄደበት መስመር ሥር ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ ቀለበት የሚጠብበት ቦታ እሱ ነው። አሮጌው ፋይል ላይ ከታች በኩል አንዲት ሰማያዊ መስመር ግራውንዱን ለሁለት ሰንጥቃው ነበር። ከላይ የሚሄዱት ሁሉ መመለሻቸው ስንጥቁን ዞሮ እንዲመጣ ተገድዷል። እሷ ያንን መስመር ስትስብ ምንም ስህተት አልሠራችም፤ ሁለት ነጥብ አገናኘች እንጂ። መመለሻው ግን ስክሪኑ ላይ ስለማይሳል አይታይም። አዲሱ ላይ ቦታው ስለተስተካከለ ወደ ታች የወረዱት መስመሮች ጥቂትና አጫጭር ናቸው።

(ማዕዘኑን በ90 ዲግሪ ማጠፍ ኃጢአት ነው የሚል ክርክር በየቦታው ትሰማላችሁ። እንዲህ ባለ ቦርድ ላይ በኤሌክትሪክ በኩል የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። 45 ዲግሪው ያሳጥራል፤ ያምራል፤ ይበቃዋል።)

የኪካድ የሕግ ማጣሪያ ሲሮጥ ስህተት አልተገኘም። እሷም ፈገግ አለች፤ ጋሼ ግን አሮጌውን ፋይል ከፍታ በዚያም ላይ እንድታስሮጠው ጠየቁ። ዜሮ ስህተት። ማጣሪያው በመስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከተፈቀደው እንዳያንስ፣ ቀዳዳው እንዳይጠብ፣ ያልተገናኘ እግር እንዳይኖር ያያል። ሬጉሌተሩ ከሞጁሉ መራቁን ማንም እንዲያይ አልነገረውም። መጥፎ አሠራርን ሕጋዊ ከሆነ ያሳልፈዋል።

ከመላኩ በፊት ቦርዱን በእውነተኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አተመችና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠችበት። እግሮቹ ሁሉ ልክ ገቡ። ሲም ካርዱን ለማስገባት ስትሞክር ግን ትልቁ ካፓሲተር በሩ ላይ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ አይነካኩም ነበር፤ የሚገባው ካርድ ስክሪኑ ላይ አልተሳለማ። ካፓሲተሩን 6 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ገፋችው፤ አሁንም ከሞጁሉ እግር አልራቀም። ቢን ተጫነች፤ መዳቡ በአዲሱ ቦታ ዙሪያ እንደገና ተሞላ። አንዲት መስመር ብቻ ናት መሰረዝ ያስፈለጋት፤ እሷኑ ስትስብ ሌላው ገለል አለላት።

የገርበር ፋይሎቹን አወጣች፤ ላይኛው መዳብ፣ ታችኛው መዳብ፣ አረንጓዴው ሽፋን፣ ነጩ ጽሑፍ፣ ዙሪያው።

"የቀዳዳውስ?" አሉ ጋሼ።

"እሱን ለብቻው ነው የሚያወጣው፤ አሁን አወጣዋለሁ።"

"አውጪና ክፈቺው። ከፓዶቹ ጋር መግጠሙን ሳላይ አልነሣም።"